የጣና ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመራዊም በኩል፣ በሁለት ብረት ላይ የቆመ ሰሌዳ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ታፔላ ይለዋል። ፊደል ከመለየታችሁ በፊት ታፔላው ለእናንተ ከብት የሚታከክበት ብረት ነበር። ዛሬ ግን ታነባላችሁ። ታዲያ ምን ይላል? «የሥራው ባለቤት» ይላል። «ሥራ ተቋራጭ» ይላል። «አማካሪ» ይላል። «የገንዘብ ምንጭ» ይላል። ከዚያ የብር ቁጥር ይከተላል። ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀንም አለ።

ፊደሉ ተነበበ፤ ነገሩ ግን ገና አልተፈታም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እሱን ለመፍታት ነው። የክልል መንግሥት ለአፈር፣ ለውኃ፣ ለደንና ለሐይቅ ሥራ የሚያወጣውን ገንዘብ ከየት እንደሚያገኝ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው እንመለከታለን። ምሳሌያችን ጣና ነው። ጣናን ከእኔ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት ነገሩ አይከብዳችሁም።

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነው። አንድ ሄክታር ደግሞ በእኛ አገር ልማድ 4 ጥማድ ገደማ ነው። ጣና ስንት ጥማድ እንደሚሆን አባዝታችሁ ድረሱበት፤ የሒሳብ መልመጃ ይሁናችሁ። ስፋቱን ያህል ግን ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ በተባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ይህን ያዙት፤ ገበቴ ከእንስራ ቀድሞ ይሞላል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየተራራው አፈር ይዘው ወደዚህ ገበቴ ይገባሉ።

ሐይቁ የማን ነው?

ገንዘብ የሚመድበው ባለሥልጣን ያለው ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እንወቅ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት ያስተዳድራሉ ይላል። እንግዲህ የቀበሌያችሁ ተራራ፣ ደን፣ የግጦሽ መሬት በባሕር ዳር ባለው የክልል መንግሥት አስተዳደር ሥር ነው ማለት ነው። ሕጉን በመሠረቱ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በሥራ ላይ የሚያውለው ክልሉ ነው።

ውኃው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወይም የአገር ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም በፌዴራል መንግሥት ይወሰናል ይላል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄዳል። ስለዚህ የሐይቁን ውኃ ከፍታ ክልሉ ብቻውን አይወስንም።

ይህ የወረቀት ወሬ አይምሰላችሁ። በባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ፣ ጨረጨራ የሚባለው የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቷል። በሩ ሲከፈት ውኃው ወደ ጢስ ዓባይ የመብራት ኃይል ማመንጫ ይወርዳል። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ፣ ውኃውም ለመብራት ተለቆ፣ ሐይቁ እጅግ ጎደለ። ጀልባዎች መሄድ አቃታቸው። ደንገሉ ደረቀ። ውኃው የሸሸበትን መሬት፣ ባሕር ሸሽ የምትሉትን፣ ገበሬው ገብቶ አረሰው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። እሱም ከሐይቁ ውኃ በዋሻ እየወሰደ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እንግዲህ ዓሣ አጥማጁ «ውኃው ለምን ጎደለ?» ብሎ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ቢጠይቅ፣ ሊቀ መንበሩ መልስ የለውም። ጥያቄው ከወረዳና ከክልል አልፎ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። የማን ሥልጣን እንደሆነ ያላወቀ ሰው በተሳሳተ በር ላይ ሲያንኳኳ ይውላል።

ገንዘቡ የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር የእናንተው ኪስ ነው። በየዓመቱ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ትከፍላላችሁ፤ ካርኒ ትቀበላላችሁ። ይህ ገንዘብ የክልሉ ገቢ ነው። የክልሉ ሠራተኞች ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ግብር፣ የከተማው ነጋዴ የሚከፍለውም በዚሁ ላይ ይደመራል። ግን አይበቃም።

ስለዚህ ሁለተኛው በር ይከፈታል፤ ድጎማ ይባላል። የፌዴራል መንግሥት ከሰበሰበው ገንዘብ ለክልሎች ያካፍላል። አከፋፈሉ በግምት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያጸደቀው ቀመር አለ። ቀመር ማለት የስሌት መንገድ ነው። የሕዝቡን ብዛት፣ የክልሉን ችግርና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ያያል። ክልሉ የራሱን ገቢና ድጎማውን አንድ ላይ አድርጎ እንደገና ለወረዳዎች ያከፋፍላል። በጀቱን የሚያጸድቀው በባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የበጀት ዓመት የሚጀምረው መስከረም 1 ቀን አይደለም፤ ሐምሌ 1 ቀን ነው። የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። ሰኔ ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ሩጫ የምታዩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ያልተሠራበት ገንዘብ ከእጅ እንዳይወጣ ነው። በሰኔ ሩጫ የተገዛ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይን ተጨፍኖ የተገዛ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሰኔን ግዢ ማየት የወረዳውን አመል ለማወቅ ይበቃል።

ከወረዳው በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው መከፈል አለባቸው። ይህ ትክክል ነው። ግን ከደመወዝ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ለሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ ለችግኝ ጣቢያ ዘርና ላስቲክ፣ ለመሣሪያ ጥገና የሚውለው ገንዘብ ሥራ ማስኬጃ ይባላል። ይህን ቃል በደንብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው በር ብድርና ዕርዳታ ነው። ከውጭ የሚበደረው ክልሉ ሳይሆን የፌዴራል መንግሥት ነው። ለምሳሌ በሜጫ በኩል፣ በመራዊ አጠገብ፣ የቆጋ ግድብ የተሠራው ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር ነው። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። በጥማድ 28,000 ገደማ ይሆናል። ብድር ስለሆነ ይከፈላል፤ የሚከፍለውም ቆጋን ያየም ያላየም ሕዝብ ነው። እንደዚሁም በ2000 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለጣና በለስ የተቀናጀ የውኃ ሀብት ልማት ፕሮጀክት 45 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ከገንዘቡ ከፊሉ በሐይቁ ተፋሰስ ላሉ ተዳፋት መሬቶች እርከንና ለቦረቦር ጥገና የታሰበ ነበር። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ ሐይቅ የሚሰበሰብበት አገር ሁሉ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት አለ። እንደ እብናት ባሉ ወረዳዎች ድሃው ገበሬ እርከን ሠርቶ እህል ወይም ብር ይቀበልበታል። እብናት ላይ የተሠራ እርከን ርብ ወንዝ ላይ ደለል ይቀንሳል፤ ርብ ላይ የቀነሰ ደለል ፎገራ ላይ ጎርፍ ይቀንሳል።

የውጭ ገንዘብ በሦስት መንገድ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ቻናል ይሉታል። በቻናል 1 የሚመጣው በገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ፣ በክልሉ ገንዘብ ቢሮ አልፎ፣ በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ይደርሳል። በቻናል 2 የሚመጣው በግብርናው ወይም በውኃው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። በቻናል 3 የሚመጣውን ሰጪው ራሱ ያወጣዋል፤ የመንግሥት ካዝና አያየውም። የጣና ሐይቅ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሲገባ ናቡ የሚባል የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ብዙ ረድቷል። እንዲህ ያለ ማኅበር ከክልሉ ቢሮዎች ጋር ስምምነት ይፈርማል፤ ሥራውም ይገመገማል፤ የብሩ አወጣጥ ግን በራሱ እጅ ነው። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። «የዚህ ሥራ ሒሳብ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ እንደ ቻናሉ ይለያያል። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰው «እኔ አላውቀውም» ቢላችሁ ሁልጊዜ ሸሽቶ አይደለም፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው።

አራተኛው በር በታፔላው ላይ አይጻፍም። የእናንተ ጉልበት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ፣ ከመኸር መሰብሰብ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እንቁጠረው። በአንድ ጎጥ 200 ሰው 20 ቀን ቢሠራ ስንት የሰው ቀን ይሆናል? 200 ሲባዛ በ20፣ 4,000 ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በማስተምርበት ክፍል አንዲት እናት ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠርተው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ከሁሉ ትልቁን ያዋጣነው እኛ ነና!» አሉ። ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ትልቁን ያዋጣ ሰው ሒሳቡን ሊጠይቅ መብት አለው፤ ያዋጣውም በቃለ ጉባኤ ሊጻፍለት ይገባል።

እምቦጭ ያስተማረን

አሁን ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት ሳይሠራ እንደሚቀር በእምቦጭ እንይ።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ አረም ነው። አበባው ያምራል፤ ብዙ አገር የገባውም ለውበቱ ሲባል ነው። በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ከታየ 60 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነበር። ከዚያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተስፋፋ። ታንኳ አላሳልፍ አለ። መረብ ያዘ። ከብት ውኃ የሚጠጣበትን ዳር ዘጋ። የዓሣ መራቢያውን አፈነ፤ ቆሮሶም አምባዛም ራቀ።

ይህ አረም ምግብና ቦታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንድ ጥማድ እምቦጭ በሁለት ሳምንት 2 ጥማድ፣ በአንድ ወር 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 32፣ በሦስት ወር ገደማ 64 ጥማድ ይሆናል። አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ሕዝብ ወጥቶ ከ64 ጥማድ 63ቱን ነቀለ እንበል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ወደ ቤቱ ገባ። የቀረችው አንዲት ጥማድ ከሦስት ወር በኋላ ምን ትሆናለች? መልሱን ሠርታችሁታል። በዚያ ላይ ዘሩ በጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ይቆያል።

ስለዚህ እምቦጭን በአንድ ዘመቻ ማጥፋት አይቻልም። በየወሩ የሚከፈል፣ ለብዙ ዓመት የማይቋረጥ ገንዘብ ይፈልጋል። ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ገንዘብም የለጋሽ ገንዘብም ለአንድ ጊዜ ሥራ ቶሎ ይገኛል። ለየወሩ ሥራ አይገኝም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር የሚቆይ ትልቅ የነቀላ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ገዝተው ልከዋል። ሌሎች ማሽኖችም መጥተዋል። ከማሽኖቹ ግን ብዙ ጊዜ ተበላሽተው የቆሙ እንዳሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ለምን? ማሽን መግዛት የካፒታል በጀት ነው። ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የሚነዳው ሰው ደመወዝ ግን ያ የነገርኳችሁ ሥራ ማስኬጃ ነው። በሬ ገዝቶ ገለባ ያላሰበ ሰው በበጋ መሐል በሬው ወድቆ ያገኘዋል።

እጃችሁ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። የጣና ዳርቻ ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ አልቅትም አለ። ስለዚህ የነቀላ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ቦቲ ጫማና ጓንት በበጀቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። የተነቀለውስ የት ይጣላል? ዳር ላይ ከተከመረ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል። ርቆ፣ ደርቆ፣ መቃጠል ወይም መቀበር አለበት። ለማጓጓዣውም ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ከሌለ ዕቅዱ ግማሽ ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛንያም ይኸው አረም ገጥሟቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ እምቦጭን ብቻ የምትበላ ጢንዚዛ አርብተው ለቀቁ። አረሙ በጣም ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ባገኘው ዕድል ይመለሳል። ግን ጢንዚዛ ማርባት ርካሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ለዓመታት የማይለይ ትዕግሥት ነው።

እምቦጭ የሚበላው ምንድን ነው? ከእርሻችን ታጥቦ የሚሄደውን አፈርና ማዳበሪያ ነው። ከባሕር ዳርና ከሌሎች ከተሞች የሚወርደውን ፍሳሽም ይበላል። እንግዲህ ላዩ ላይ አፈር እየለቀቁ ታች አረም መንቀል ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። እኔ ብጠየቅ ከአንድ ማሽን ይልቅ በጉማራና በርብ ራስጌ ለሚሠራ ክትርና እርከን እከፍላለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የብዙ ሰው ቤትና ሰብል ወስዷል። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ሲል ውኃው ከዳር ይወጣል። ደለሉ ደግሞ የወጣው ከደጋው ገበሬ ማሳ ነው። ለደጋውም ለቆላውም አንድ ገንዘብ ነው የሚያስፈልገው።

ሥራውን ለመምራት ክልሉ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲን አቋቁሟል። የአካባቢና የደን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም አለው። ቢሮዎች ስማቸውን ቶሎ ቶሎ ይለውጣሉ። በየመንግሥት ለውጡ ይጣመራሉ፣ ይከፈላሉ። በማስታወሻችሁ ላይ የቢሮውን ስም ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ጻፉ። አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ «እንዲህ የሚባል ቢሮ የለም» ትባላላችሁ።

ማን ይቆጣጠራል?

በወረቀት ላይ ተቆጣጣሪው ብዙ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት። ዋና ኦዲተር አለ፤ ኦዲት ማለት ሒሳብ መመርመር ነው፤ ውጤቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ። አበዳሪው ባንክም የራሱን መርማሪዎች ይልካል። ሆኖም ከባሕር ዳር የሚመጣ መርማሪ አንድ ቀን መጥቶ፣ መኪናው ከደረሰበት ተመልሶ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መርማሪ መድረስ ያቃተው ቀበሌ ጥቂት አይደለም። እናንተ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናችሁ።

ታፔላውን እንደገና እናንብበው። «የሥራው ባለቤት» ማለት ሥራውን ያዘዘውና በመጨረሻ የሚረከበው መሥሪያ ቤት ነው። «ሥራ ተቋራጭ» በጨረታ አሸንፎ የሚሠራው ነው። «አማካሪ» በባለቤቱ ስም ሆኖ ተቋራጩ በልኩ መሥራቱን የሚያይ መሐንዲስ ነው። ተቋራጩ የሚከፈለው አማካሪው «ይህን ያህል ተሠርቷል» ብሎ ሲፈርምለት ነው። ሌባ ካለ የሚገባው በዚህች ፊርማ በኩል ነው። 40 ሜትር ጋቢዮን ተብሎ ተፈርሞ 28 ሜትር ብቻ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ጋቢዮን በሽቦ ሣጥን የታሠረ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ በገመድ ይለካል። ገመዱን አንድ ሜትር አንድ ሜትር እየቋጠራችሁ ለኩት። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እስከ 40 መቁጠር ይበቃል።

ያለ ተቋራጭ፣ በሕዝብ ጉልበት የሚሠራውን ደግሞ የተፋሰስ ኮሚቴው ይመራዋል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ቀድሞ ቃለ ጉባኤ ሲመጣ አውራ ጣታችሁን በቀለም ነክራችሁ ታትሙ ነበር። ምን ላይ እንዳተማችሁ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነበር። አሁን አንብባችሁ ፈርሙ። ስንት ኩንታል ስሚንቶ፣ ስንት አካፋ፣ ስንት ሺ ችግኝ እንደመጣ እዚያ ላይ አለ። በሥራ ላይ ያልነበረ ሰው ስም በሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ እንዳለም ትለያላችሁ፤ ጎረቤታችሁን ታውቁታላችሁና። «የተተከለ» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ፤ በሚቀጥለው መስከረም የጸደቀውን ቁጠሩ። ሪፖርት የሚወደው የተተከለውን ነው፤ ተራራው የሚያውቀው የጸደቀውን ነው።

የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር በሰው ፊት እንዲለጠፍ፣ ያላግባብ የቀረ ሰውም ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት በአሠራሩ ተቀምጧል። የወረዳ በጀትም እንዲለጠፍ አሠራር ወጥቷል። ካልተለጠፈ «ለምን አልተለጠፈም?» ማለት ነውር አይደለም።

አስቸጋሪው ጉዳይ የባሕር ሸሽ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ዳርቻውን መከለል ያስፈልጋል ይባላል። ደንገሉና ረግረጉ ደለል ያጣራል፤ ዓሣ ይራባበታል። ይህ እውነት ነው። ግን በዚያው መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ዘርቶ ልጆቹን የሚያበላ ሰው አለ። ደንገሉን አጭዶ ታንኳ የሚሠራም አለ። ዳርቻው ሲከለል ጥቅሙ ለአገር ነው፤ ጉዳቱ ግን የዚያ አንድ ሰው ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ የሚነካውን የአካባቢ ሥራ በሚመለከት ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ማካካሻ ያገኛል ይላል። ስለዚህ የክለላ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። የካሣው ገንዘብ ከየትኛው በር እንደሚመጣ፣ በየትኛው የበጀት ዓመት እንደተያዘ ጠይቁ። «ወደፊት ይታያል» የሚል መልስ በጀት የለውም ማለት ነው።

ትልቅ ሥራ፣ ፋብሪካም ሆነ ሆቴል ወይም የድንጋይ መፍጫ፣ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንዲጠና በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ያዛል። የጥናቱ ወረቀትም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ስለ ብክለት ነው። ብክለት ማለት ውኃን፣ አፈርን ወይም አየርን ማቆሸሽ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም እንኳ፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

30ው ቀን የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ ቀኑን፣ የቀበሌያችሁን ስምና ያያችሁትን ነገር በአጭሩ አስፍሩ፤ «ፍሳሹ ከዚህ ቱቦ ወጥቶ በዚህ ወንዝ ገባ፣ በዚህ ቀን አየን» ይበቃል። የሚያውቁ ሰዎች በስማቸው ይፈርሙ። በሁለት ቅጂ ጻፉት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉና ከመሬት ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት።